አራሚው ለምን «ትክክል ነው» አለኝ?

በዘንድሮው የወላጆች ቀን፣ የኮምፒዩተር ክበባችን ጠረጴዛ ፊት የቆሙ አንድ አባት ግድግዳው ላይ የለጠፍነውን ወረቀት አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ልጆቼ፣ ሦስት ሳምንት የፈጀባችሁ ይሄ ነው?» ብለው ጠየቁን። ወረቀቱ ላይ አራት መስመር ኮድ ነበር። ሌላ ምንም አልነበረም። ከጎናችን የሳይንስ ክበብ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ምድጃ አቅርቦ እንቁላል እየጠበሰ ስለነበር ሰዉ ሁሉ ወደዚያ ነው የሚሄደው። (በጅቡቲ ፀሐይ እንቁላል ለመጥበስ ምድጃ ምን ያስፈልጋል ብለን ቀልደንባቸው ነበር። ቅናት ነው፤ እንቁላሉ ጥሩ ነበር።)

አባትየው የጠየቁን በደግነት ነው። እኛ ግን በደንብ አልመለስንላቸውም። አንዳችን «የዓይነት ግመታ ስህተት አርመን ነው» አለ፤ ሌላዋ «ኮምፓይለሩ ነው» አለች፤ እሳቸውም «ጎበዞች» ብለውን ወደ እንቁላሉ ሄዱ። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው በዚያን ዕለት ያልሰጠነውን መልስ ለመስጠት ነው። ሌላም ምክንያት አለን። ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ የክበባችን የሐሙስ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ለፈተና ዝግጅት ትምህርት እንዲውል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡን ያቀረቡት ክፉ አስበው እንዳልሆነ እናውቃለን። ግን ውሳኔው ከመጽደቁ በፊት፣ በእነዚያ ሐሙሶች ምን እንደምንሠራ ወላጆችና መምህራን ቢያውቁት እንወዳለን።

የምንሠራው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ትንሽ ናት። «ይሁን»፣ «ከሆነ»፣ «አለዚያ»፣ «ድገም» በሚሉ የአማርኛ ቃላት ትጻፋለች፤ የእኛ ኮምፓይለር ደግሞ ያንን አንብቦ ወደ ፓይተን ይተረጉመዋል። እስካሁን ስም የላትም፤ በስሙ ላይ መስማማት ስላቃተን ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ስለገባ፣ ፓይተንም እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው ሦስተኛው ትውልድ ጀምሮ በሌሎች ፊደላት የተጻፉ ስሞችን ስለሚቀበል፣ ሥራው ከፈራነው በላይ ቀላል ነበር። መጀመሪያ ያስቸገረን የራሳችን ፊደል ነው። አንዱ «ሣጥን» ብሎ ይጀምርና ሦስት መስመር ወርዶ «ሳጥን» ብሎ ይጽፋል፤ ለእኛ አንድ ቃል ነው፣ ለማሽኑ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ስሞች ናቸው። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ሁሉ ወደ አንድ የሚመልስ ሰንጠረዥ ሠርተን በአንድ ከሰዓት ተገላገልነው። የአማርኛ መምህራችን ግን ይህን ሰንጠረዥ እስካሁን ይቅር አላሉንም።

ሦስት ሳምንት የወሰደብን ስህተት ከዚህ በጣም ይለያል። ለመረዳት መጀመሪያ «ዓይነት» ምን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል።

ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ዓይነት አለው፤ ቁጥር ነው፣ ጽሑፍ ነው፣ ወይም ዝርዝር ነው። ቁጥር ከቁጥር ይደመራል። የሰው ስም ከ500 ፍራንክ ጋር አይደመርም። አንዳንድ ቋንቋዎች ፕሮግራም ጸሐፊው «ይሄ ቁጥር ነው፣ ያ ጽሑፍ ነው» እያለ በየመስመሩ እንዲያስታውቅ ያስገድዳሉ። የእኛ ቋንቋ አታስገድድም፤ ከአጠቃቀሙ ራሷ ትረዳለች። ይህ እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አማርኛ ስንሰማ ቀኑን ሙሉ የምናደርገው ነው። «ጎረቤት» የሚለው ቃል ወንድ ይሁን ሴት አይናገርም። «ጎረቤታችን መጣች» ሲባል ግን ማንም ሳይነግረን ሴት መሆኗን እናውቃለን፤ ግሱ ነገረን። «ጎረቤታችን መጣችና ጫማውን አወለቀ» ቢባል ደግሞ ወዲያው እናቋርጣለን፦ «ቆይ፣ ማን ነው ያወለቀው?» የዓይነት ግመታ ማለት ይኸው ነው። ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙን ከማስኬዱ በፊት ከላይ እስከ ታች ያነብባል፤ በየቦታው ካለው አጠቃቀም የእያንዳንዱን ስም ዓይነት ይረዳል፤ የሚጋጭ ነገር ካገኘ «ቆይ» ይላል። ካላገኘ «ዓይነቶቹ ሁሉ ተስማምተዋል» ብሎ ያሳልፋል። እኛ ይህን ክፍል «አራሚው» እንለዋለን።

እና አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ለአጎቷ ሱቅ የዱቤ ደብተር ፕሮግራም ጻፈች። የሰፈር ሱቅ የሚያውቅ ሰው ደብተሩን ያውቀዋል፤ ስም፣ ከጎኑ የፍራንኩ መጠን፣ ደመወዝ ሲገባ የሚሰረዝ መስመር። ልጅቷ ባዶ ሣጥን ፈጠረች፤ «ደብተር» አለችው። ፕሮግራሙ መሐል ላይ ደንበኞችን የምትመዘግብበት ቦታ ስሞችን ጨመረችበት። ታች ላይ መጠኖቹን የምትመዘግብበት ሌላ ሣጥን መፍጠር ሲገባት ረስታ እዚያው «ደብተር» ውስጥ ቁጥሮችን ጨመረች። መጨረሻ ላይ ሁሉንም ደምር አለችው። አራሚው «ዓይነቶቹ ሁሉ ተስማምተዋል» አለ። ፕሮግራሙ ሲሄድ ግን ድምሩ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ፦ ስምና ቁጥር መደመር አልችልም።

እኛ ትልልቆቹ ሄደን አየነውና አንድ ሣጥን ለሁለት ነገር መጠቀሟን አሳየናት። ሥራችንን የጨረስን መስሎን ወደየቦታችን ልንመለስ ስንል እንዲህ አለች፦ «እሺ፣ ስህተቱ የኔ ነው። ግን አራሚው ለምን ትክክል ነው አለኝ?»

የሦስቱ ሳምንት ሥራ ከዚህ ጥያቄ ጀመረ። ልጅቷ ልክ ነበረች። የአራሚው ብቸኛ ሥራ እንዲህ ያለውን ግጭት መያዝ ነው። ተሳስቶ «ትክክል» የሚል አራሚ ደግሞ አራሚ ከሌለው ቋንቋ ይብሳል፤ አራሚ ከሌለ ሰው ራሱ ይጠነቀቃል፣ ካለ ግን አምኖ ይተኛል።

ያኔ ያደረግነው ግን የሚያሳፍር ነው፤ ቢሆንም እንናገረዋለን። አንዳችን በአሥር ደቂቃ መፍትሔ አመጣ። ድምር ላይ ጽሑፍ ከመጣ እንደ ዜሮ ይቆጠር፣ አለቀ። ሞከርነው፤ ፕሮግራሙ ሳይቆም እስከ መጨረሻ ሄደ፤ ስሞቹ ዜሮ ስለሆኑ ድምሩም ትክክል ወጣ። አጨበጨብን። በሚቀጥለው ሐሙስ ልጅቷ የአጎቷን የወረቀት ደብተር ይዛ መጣች። የኮምፒዩተሩ ድምር ከወረቀቱ 1500 ፍራንክ ይጎድላል። አንዱን መጠን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ጽፋው ስለነበር ለማሽኑ ጽሑፍ ሆኗል፤ ጽሑፍ ደግሞ በእኛ ብልሃት ዜሮ ነው። የሰው ዕዳ በዝምታ ጠፋ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ያፈሰስነው የራሳችንን አልነበረም፣ የባለሱቁን ነው። ያ «መፍትሔ» የዚያኑ ቀን ተሰረዘ።

ሁለተኛው ሐሳብ የተሻለ ይመስል ነበር። ችግሩ ሣጥኑ ባዶ መሆኑ ነው አልን፤ ባዶ ሣጥን የሚፈጥር ሰው ምን እንደሚከትበት አስቀድሞ ይጻፍ። ይህን ኮድ ለመጻፍ አንድ ሙሉ ሐሙስ ሄደብን። ስንጨርስ ቲቸር ምንም ሳይናገሩ ሰሌዳው ላይ አንድ ፕሮግራም ጻፉልን። ሣጥኑ ባዶ አይደለም፤ የተሰጠውን ነገር እንዳለ የሚመልስ ትንሽ ፈንክሽን አስቀምጠውበታል። ቀጥለው ያንን አውጥተው ቁጥር ላይ አንድ የሚጨምር ፈንክሽን ተኩበት። ቀጥለው ሣጥኑ ውስጥ ላለው ፈንክሽን የሰው ስም ሰጡት። አራሚያችን «ተስማምተዋል» አለ፤ ፕሮግራሙ ፈነዳ። ሣጥኑ ባዶ መሆን አለመሆኑ ከነገሩ ጋር ግንኙነት አልነበረውም ማለት ነው። የምልክቱን ቦታ እንጂ የበሽታውን ቦታ አልነካንም። በዚያ ቀን ማራገቢያውም ተበላሽቶ ስለነበር ሁላችንም ተነጫንጨን ወደ ቤት ሄድን።

በሦስተኛው ሳምንት ኮምፒዩተሮቹን ዘጋን። አራሚው የሚያስበውን እኛው በጠመኔ ሰሌዳ ላይ አሰብነው፤ መስመር በመስመር። እና እዚያ ላይ ታየን።

አራሚው ባዶውን ሣጥን ሲያገኝ ውስጡ ምን እንደሚገባ ገና አያውቅም። ስለዚህ «ሀ» የሚል ምልክት ይሰጠዋል፤ «የሀ ዝርዝር የያዘ ሣጥን»። እስካሁን ጥሩ ነው። ቀጥሎ ግን «ሀ ማንኛውም ዓይነት ሊሆን ይችላል» ብሎ ይደመድማል። ከዚያ በኋላ «ደብተር» የሚለው ስም በተጠራ ቁጥር አዲስ ቅጂ ያወጣል፤ እላይ ሀ1፣ ታች ሀ2፣ ድምሩ ላይ ሀ3። ሀ1 ጽሑፍ ሆነ፤ ግጭት የለም። ሀ2 ቁጥር ሆነ፤ ግጭት የለም። ሀ3ም ቁጥር ሆነ። ሦስቱ ቅጂዎች አይተዋወቁም። ሦስት ሰዎች በሦስት ክፍል ተቀምጠው አንዱ «ጎረቤታችን መጣች»፣ ሌላው «ጎረቤታችን ጫማውን አወለቀ» እንደሰማ ማለት ነው፤ እያንዳንዳቸው የሰሙት ምንም አያጠራጥርም። ስለ አንድ ሰው እየሰሙ መሆናቸውን ግን የሚያውቅ የለም። ወረቀቱ ላይ ሦስት ነበሩ፤ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ሣጥኑ አንድ ነው።

ታዲያ ቅጂ ማውጣቱን ለምን አንከለክለውም? ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። የዝርዝርን ርዝመት የሚቆጥር ፈንክሽን ውስጡ ስም ይሁን ቁጥር ደንታ የለውም፤ ለስሞችም ለቁጥሮችም ብንጠቀምበት ተገቢ ነው። ቅጂ ከከለከልን ለስም አንድ ቆጣሪ፣ ለቁጥር ሌላ ቆጣሪ መጻፍ ሊኖርብን ነው። ከመካከላችን አንዷ ያለችው ነገሩን ለሁላችንም ግልጽ አደረገው፦ «የወጥ አሠራርና ድስት አንድ አይደሉም።» የወጥ አሠራር ለጎረቤት ሁሉ ይነገራል፤ አንዷ በምስር፣ አንዷ በሥጋ ትሠራበታለች፣ ማንም ማንንም አይጎዳም። ድስቱ ግን አንድ ነው። ሽሮ ከተሠራበት ሽሮ ነው፤ በሌላ ክዳን ስለተከፈተ ቡና አይሆንም። ፈንክሽን አሠራር ነው፤ ሣጥን ድስት ነው። አራሚያችን ድስቱን እንደ አሠራር እየገለበጠው ነበር።

አራቱ መስመሮች የሚሉት ይህንኑ ነው። አንድ ስም ሲሰየም በስተቀኝ ያለው ነገር ገና ያልተሠራ አሠራር፣ ማለትም የተጻፈ ፈንክሽን ወይም የማይለወጥ ዋጋ ከሆነ፣ ቅጂ ይፈቀድ። አንድ ነገር ተጠርቶ፣ ሥራ ተሠርቶ የተገኘ ውጤት ከሆነ ቅጂ አይፈቀድ፤ «ሀ» ያው አንድ «ሀ» ሆኖ ይቆይ፤ መጀመሪያ የገባበት ነገር ዓይነቱን ይወስን። ኮዱን ቀይረን የልጅቷን የመጀመሪያ ፕሮግራም ሰጠነው። «በ14ኛው መስመር ደብተር የጽሑፍ ነው፤ በ31ኛው ቁጥር እየጨመርክበት ነው» አለ። (ለሴት ልጅ «እየጨመርክበት» ማለቱ ሌላ ጉድለት ነው፤ እሱም ተመዝግቧል።) ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም ያልጮኸውን ያህል ጮኽን።

ቲቸር ታሪኩን የነገሩን ከዚያ በኋላ ነው። እውነቱን ለመናገር ግማሻችን ተደሰትን፣ ግማሻችን ተናደድን፤ ምክንያቱም እኛ ያገኘነውን ጉድለት ከመወለዳችን በፊት የዓለም ሊቃውንት ታግለውበታል። በስኮትላንድ ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ሮቢን ሚልነርና ባልደረቦቻቸው በ1970ዎቹ ኤምኤል የተባለ ቋንቋ ሠርተው ነበር። ቋንቋው የተፈለገው የሒሳብ ማረጋገጫዎችን በኮምፒዩተር ለመሥራት ነው፤ በትክክል ያልተረጋገጠ ነገር «ተረጋግጧል» የሚል ማኅተም እንዳያገኝ የሚጠብቀው ዘበኛ ደግሞ የዓይነት አራሚው ነበር። እዚያ አራሚው በስህተት «እሺ» ቢል የሚጠፋው 1500 ፍራንክ አይደለም፤ ውሸት የሒሳብ እውነት ተብሎ ይወጣል። ሚልነር የዓይነት ግመታውን ንድፈ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1978 አሳተሙ፤ በ1982 ከተማሪያቸው ከሉዊስ ዳማስ ጋር አጠናከሩት። ለአሠራሮች፣ ማለትም ለንጹሕ ፈንክሽኖች፣ እንከን የለውም። ድስት ሲገባበት ነው ችግሩ የሚመጣው።

መጀመሪያ የመጡት መፍትሔዎች ብልህ ነበሩ። ማድስ ቶፍቴ የተባሉ ተመራማሪ ምልክቶቹን ለሁለት ከፈሉ፤ ሣጥን የነካው ምልክትና ያልነካው ምልክት። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው የስታንዳርድ ኤምኤል ደንብ ይህን አካተተ። ይሠራል፤ ነገር ግን አንድ ፈንክሽን በውስጡ ሣጥን መጠቀሙ ለውጭ ተጠቃሚው ሁሉ በዓይነቱ ላይ ይታያል፤ ወጥ ሊበላ የመጣ እንግዳ የድስቱን ዓይነት ካላወቀ አይቀመጥም እንደ ማለት ነው። በ1995 አንድሩ ራይት ቀለል ያለ ደንብ አቀረቡ። እሱም ከሞላ ጎደል የእኛ አራት መስመር ነው። ራይት ደንቡ አንዳንድ ትክክለኛ ፕሮግራሞችን ጭምር እንደሚከለክል አልደበቁም፤ ቁጭ ብለው ሰዎች የጻፏቸውን እውነተኛ ፕሮግራሞች መረመሩና የሚከለከሉት ጥቂት መሆናቸውን፣ እነሱም በቀላሉ እንደሚስተካከሉ አሳዩ። በ1997 የተሻሻለው የቋንቋው ደንብ ይህንን ተቀበለ። ከ1978 እስከ 1997 ዘጠኝ ያልሞላ ሳይሆን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው። ለእኛ ሦስት ሳምንት ብዙ ነው ያሉ ወላጅ ይህን ቢያዩልን።

«ትክክለኛ ፕሮግራሞችን ጭምር ይከለክላል» የሚለው ነገር በእኛም ላይ ደረሰ፤ ያለ ጠብም አላለፈም። አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ሁለት ፈንክሽኖችን አጣምሮ የሠራው ዝርዝር ገልባጭ ነበረው፤ ስሞችንም ቁጥሮችንም ይገለብጥበታል፤ አንድም ቀን አልተሳሳተም። በአዲሱ ደንብ ግን ገልባጩ «ተጠርቶ የተገኘ ውጤት» ነው፤ ስለዚህ ቅጂ አይፈቀድለትም፤ አራሚው መለሰው። ልጁ ተቆጣ። «የኔ ፕሮግራም ምን አጠፋ? ሌላ ሰው ባጠፋው እኔ ለምን እቀጣለሁ?» አለ። ግማሹ ክበብ ከእሱ ጎን ቆመ። አራሚው ውስጡን ገብቶ ሣጥን እንዳለና እንደሌለ ቢያይስ የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ግን ያ ተመልሶ ወደ ውስብስቡ መንገድ መግባት ነው። በመጨረሻ ገልባጩን የሚቀበለውን ዝርዝር በስሙ እየጠራ እንደ ተራ ፈንክሽን እንዲጽፈው ጠየቅነው። አንድ መስመር ነው። ጽፎት አለፈ። አሁንም ግን ፍትሐዊ አይደለም ይላል፤ እኛም ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አንልም። ሁለት ክፉዎች ነበሩ፤ ትክክለኛውን አንዳንድ ጊዜ መከልከል ወይም ስህተቱን አንዳንድ ጊዜ ማሳለፍ። የተከለከለ ሰው ይመጣል፣ ይከራከራል፣ አንድ መስመር ጨምሮ ይሄዳል። ያለፈ ስህተት ግን ማንንም አይጠራም፤ ባለሱቁ ወር መጨረሻ ላይ ጎድሎበት እስኪያይ ዝም ነው።

ክቡራን ወላጆችና መምህራን፣ ስለ ሐሙሱ ያለንን ሐሳብ የምንናገረው ከዚህ ተነስተን ነው።

ለፈተና ዝግጅት ምን ያህል እንደምትጨነቁ እናያለን። ከመካከላችን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አሉ፤ ጭንቀቱ ከእናንተ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሣን እኛን ነው። አብዛኞቻችን የቤተሰባችን ወርሃዊ ክፍያ ከምን ተቀንሶ እንደሚመጣ እናውቃለን። ስለዚህ «ፈተና አያስፈልግም» የሚል ነገር ከእኛ አትሰሙም። የምንለው፣ በፈተና ዝግጅት ክፍል የምንለማመደው ሥራ ከአራት መልስ አንዱን በፍጥነት መምረጥ ነው። ጥሩ ልምምድ ነው። ግን በዚያ ክፍል ውስጥ የተሳሳተ መልስ ዕድሜው ሠላሳ ሴኮንድ ነው፤ ቀይ ምልክት ይደረግበታል፣ ትክክለኛው ፊደል ይነገራል፣ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ለምን «ለ» ትክክል መስሎን እንደነበር ማንም አይጠይቅም፤ ጊዜም የለም። ልጅቷ ያንን ጥያቄ በፈተና ዝግጅት ክፍል ጠይቃ ቢሆን «ተሳስተሻል፣ ቀጥዪ» ትባል ነበር። እኛም መጀመሪያ ያልናት ያንኑ ነው።

ሌላም እንጨምር፤ ደፋር አትበሉን። በትምህርት ቤታችን ደብተር ሲታረም ብዙ ጊዜ «ራይት» የሚደረገው ሳይነበብ ነው። አንዳንዶቻችን ሞክረነዋል፤ የቤት ሥራ መሐል የዘፈን ስም ጽፈን ራይት አግኝተናል። መምህራኖቻችን ስንት ደብተር ይዘው ወደ ቤት እንደሚሄዱ ስለምናውቅ አንወቅሳቸውም። ግን ሳይነበብ የተደረገ ራይት የእኛ አሮጌ አራሚ ነው፤ «ዓይነቶቹ ሁሉ ተስማምተዋል»። ከአሥር ደብተር ሁለቱ ተነብበው በእርሳስ «ይሄ አልገባኝም፣ እንዴት አገኘኸው?» ተብሎ ቢጻፍባቸው፣ ለእኛ ከአሥር ራይት ይበልጥብናል።

ስለዚህ የምንለምነው ብዙ አይደለም። ሁለቱም ሰዓት ሊቀርልን ካልቻለ አንዱ ይቅርልን፤ አንዱን ለፈተና ዝግጅት እኛም በፈቃዳችን እንሰጣለን፤ የታናናሾቻችንን የሒሳብ ክፍል ለማገዝ ፈቃደኞች ነን። ሁለተኛ፣ በክበባችን ያለው የስህተት መዝገብ ለአባላቱ በተከታታይ ምዘና ውስጥ ትንሽ ነጥብ ይያዝለት፤ አምስት ከመቶም ቢሆን። መዝገቡ ተራ ደብተር ነው። እያንዳንዱ ጉድለት ማን እንዳገኘው፣ መጀመሪያ ምን እንደመሰለን፣ የትኛው መፍትሔ እንዳልሠራና ለምን እንዳልሠራ ይጻፍበታል። የዜሮው ብልሃት ታሪክ ከነአሳፋሪነቱ በገጽ 22 አለ። ያንን ገጽ መቅደድ የፈለገ ነበር፤ አልፈቀድንም፤ አዲስ የሚገባ አባል መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።

የልጅቷ አጎት ፕሮግራሙን አሁን ይጠቀሙበታል፤ የወረቀቱን ደብተር ግን አልተዉትም፤ ማታ ማታ ሁለቱን ያስተያያሉ። እኛም እንዳይተዉት ነግረናቸዋል። መዝገባችን ውስጥ ገና ያልተዘጉ ሰባት ጉድለቶች አሉ። አንደኛው «እየጨመርክበት» የሚለው ነው፤ ሌላው አራሚው የሁለት ስሞች ዓይነት ክብ ሠርቶ ሲጠላለፍበት ለዘላለም የሚዞርበት ነው፤ እሱን ሁለት የስምንተኛ ክፍል ልጆች ይዘውታል፣ ሰሌዳውንም እንዳይጠፋባቸው «አትደምስሱ» ብለው ጽፈውበታል። ወላጅም መምህርም መጥቶ ማየት ከፈለገ፣ ውሳኔው እስኪመጣ ድረስ ሐሙስ በ9 ሰዓት እዚያው ኮምፒዩተር ክፍል ነን።